182 እና 10.1
የስኳር ሕመም ላለበት፣ በቤቱም የስኳር ሕመምተኛ ላለው አንባቢ ከሞያሌ የተላከ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለውድ አንባቢ፣

የምጽፍልዎ ከሞያሌ ነው፤ ያውም ከኬንያው ሞያሌ። ከተማችን አንድ ስም ይዛ ሁለት አገር ላይ የተቀመጠች ናት። ወዲያ ማዶ ብር፣ ወዲህ ሽልንግ፤ ወዲያ ማዶ መኪና ቀኙን፣ ወዲህ ግራውን ይዞ ይሄዳል። ቦረንኛው፣ ሶማልኛው፣ አማርኛውና ስዋሂሊው ግን ኬላ ሳያግዳቸው ሲመላለሱ ይውላሉ። እኔም በዚህ ግርግር መሀል በአንዲት ጠባብ መድኃኒት ቤት፣ እዚህ «ኬሚስት» በምንላት፣ ከባንኮኒ ጀርባ ቆሜ ዓመታት አሳልፌአለሁ።

ደብዳቤውን ያስጻፉኝ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። የኢሲዮሎ–ሞያሌ መንገድ አስፋልት ሳይለብስ በፊት በዚያ አቧራና ኮረኮንች የጭነት መኪና ሲነዱ ጉልበታቸውን የጨረሱ፣ አሁን ቤት የዋሉ ሰው ናቸው። ስኳር ከያዛቸው ቆይቷል። አንድ ቀን ጠዋት ገቡና በጋዜጣ የተጠቀለለ አረንጓዴ ዱቄት ባንኮኒው ላይ አስቀመጡ። ፊታቸው በርቷል።

«ልጄ፣ ይህን ሰው ሁሉ ሊያውቀው ይገባል። ስኳሬን ከ182 ወደ 10 አወረደልኝ።»

«ኪኒኑስ?» አልኳቸው።

«ምን ያደርግልኛል? ከተውኩት ሦስት ሳምንቴ።»

ከኪሳቸው ሁለት ብጣሽ ወረቀት አወጡ። በአንደኛው 182 ተጽፏል፤ ዱቄቱን ከመጀመራቸው በፊት ኢትዮጵያ በኩል ያስለኩት ነው። በሁለተኛው 10.1 ይላል፤ ዱቄቱን ከኪኒኑ ጋር ሁለት ሳምንት ጠጥተው ኬንያ በኩል ያስለኩት ነው። ወረቀቶቹን ጎን ለጎን አድርጌ ካልኩሌተሩን ሳብኩ። 10.1 ሲባዛ በ18። መስኮቱ ላይ 181.8 ወጣ። ካልኩሌተሩን ወደ እርሳቸው አዞርኩት። ጋሼ ብዙ ቆዩ። የጭነት መኪና ነጂ ናቸውና ሒሳብ አይጠፋባቸውም፤ አንዱ አገር በኩንታል፣ ሌላው በኪሎ ቢመዝን ጭነቱ እንደማይቀንስ ከማንም በላይ ያውቁታል።

ነገሩ ይህ ነው፤ ኢትዮጵያ ውስጥ የደም ስኳር የሚነገረው በሚሊግራም ነው፤ በአንድ ዴሲሊትር ደም ውስጥ ስንት ሚሊግራም ግሉኮስ እንዳለ ይቆጠራል። ኬንያ የእንግሊዝን ልማድ ተከትላ በሚሊሞል ትቆጥራለች። አንዱን ወደ ሌላው ለመመለስ በ18 ማባዛት ወይም ማካፈል ነው። ወዲያ ማዶ 70 የሚባለው እዚህ 3.9 ነው፤ ከዚያ በታች ከወረደ ስኳር አነሰ ይባላል። ወዲያ ማዶ ባዶ ሆድ 126 የሚባለው እዚህ 7.0 ነው፤ ከዚህ ጀምሮ ያለው ቁጥር በድጋሚ ምርመራ ሲረጋገጥ የስኳር ሕመም የሚል ስም ይሰጠዋል። የጋሼ ደም ከቦታው ንቅንቅ አላለም። የተቀየረው አገሩ ነው።

በዚያው ጠዋት ጣታቸውን ወጋ አድርጌ ለካሁላቸው፤ ባዶ ሆድ 14.6። በወዲያ ማዶ ቋንቋ 263 ገደማ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ኪኒኑና ቅጠሉ አብረው ባሉበት 182 ላይ የቆመው ስኳር፣ ኪኒኑ ሲቀር ሽቅብ ወጥቷል።

ውድ አንባቢ፣ እዚህ ላይ «የቅጠል ነገር ሁሉ ውሸት ነው» ብዬ ደብዳቤዬን ብዘጋ ይቀለኝ ነበር። ግን እውነቱ እንደዚያ አይደለም፤ ለጋሼም እንደዚያ አላልኳቸውም። ያ አረንጓዴ ዱቄት ሽፈራው ነው። ከወዲያ ማዶ፣ ከኮንሶ የመጣ። ሽፈራው ደግሞ ባዶውን የሚወራለት ቅጠል አይደለም።

ኮንሶን በዓይንዎ ካላዩት በሥዕል አይተውት ይሆናል፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገባቸው የድንጋይ እርከኖች አገር ነው። ሽፈራው እዚያ የጓሮ ዛፍ ነው፤ ቅጠሉ እንደ ጎመን ይቀቀላል፣ ከማሽላ ዱቄት ድብልብል ጋር ኩርኩፋ ሆኖ ይበላል። ዝናብ ሲጠፋ ሌላው ሲደርቅ እርሱ አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል። የዛፉ ዘር የደቡብ ኢትዮጵያና የሰሜን ኬንያ ተወላጅ ነው፤ ማለትም እንደ እኛ ድንበሩ ከመሰመሩ በፊት የነበረ፣ የሁለቱም ወገን ልጅ ነው።

ሳይንሱም አልናቀውም። እ.ኤ.አ. በ1997 ኢያሱ መኮንንና ባልደረቦቹ የሽፈራውን ቅጠል በውሃ አውጥተው ለጥንቸሎች ሰጡና የደም ስኳራቸው መውረዱን አሳተሙ። በዚያው ጽሑፍ ግን የቅጠሉ ጉልበት ከግሊቤንክላማይድ፣ ብዙ ሕመምተኛ «ዳኦኒል» ብሎ ከሚያውቀው ኪኒን፣ እንደሚያንስ አልደበቁም። ከዚያ ወዲህ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የዓለምጸሐይ መኮንን፣ ከሐዋሳ አለማየሁ ቶማ፣ ከኢትዮጵያ የጤና ምርምር ተቋም አስፋው ደበላ ከታይላንድ ተመራማሪ ጋር ሆነው፣ ቅጠሉ አንጀት ውስጥ ስኳርን የሚሰባብሩትን ኢንዛይሞች እንደሚገታ፣ ስኳር በያዛቸው አይጦችም ላይ እንደሚሠራ አሳይተዋል። እንግሊዝ አገር በግሪኒች ዩኒቨርሲቲ ሰሎሞን ሀብተማርያም ደግሞ «በቅጠሉ ውስጥ የሚሠራው ማን ነው?» ብሎ ሲፈትሽ ሩቲን የሚባለውን ፍላቮኖይድ በብዛት አገኘ።

ፍላቮኖይድ የሚለው ስም ከላቲኑ «ቢጫ» ነው የመጣው። ዕፅዋት ቅጠላቸውን ከፀሐይና ከተባይ ለመከላከል፣ አበባቸውን ለማቅለም የሚሠሯቸው ውህዶች ናቸው፤ በሽንኩርት፣ በሻይ ቅጠል፣ በብርቱካን ልጣጭ አሉ። ሩቲን የሚለውን ስም ደግሞ ከማን እንዳገኘው ቢያውቁ ይገረማሉ። ከጤና አዳም ነው! እ.ኤ.አ. በ1842 አንድ ጀርመናዊ መድኃኒት ቀማሚ ውህዱን ያገኘው ሩታ ከሚባለው ተክል ነበር፤ እኛ ቡና ላይ ጣል የምናደርጋት፣ አይብ ላይ የምንበትናት ጤና አዳም የዚያው የሩታ ቤተሰብ ናት። የሩቲንን ስኳሮች ቢቆርጡለት የሚቀረው ኩዌርሰቲን ይባላል፤ እርሱም በቀይ ሽንኩርት ውስጥ ሞልቶ የተረፈ ነው።

እንግዲህ ቅጠሉ ውስጥ ነገሩ ካለ፣ ጋሼ ጠጥተውት ስኳራቸው ለምን አልወረደም? የደብዳቤዬ ዋና ጉዳይ እዚህ ጋ ነው። አንድ ነገር ቅጠሉ ውስጥ መኖሩና ደም ውስጥ መድረሱ ሁለት የተለያየ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 የሁለቱ አገሮች መሪዎች መጥተው በመረቁት የጋራ ኬላችን በኩል ሲያልፉ አይተው ይሆናል፤ ጭነት ስለተጫነ ብቻ አያልፍም። አንጀታችንም እንደዚያ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1995 ሆላንዶች ያደረጉትን ጥናት ልንገርዎ፤ ትንሽ ናት ግን ብዙ ታስተምራለች። በቀዶ ሕክምና ትልቁ አንጀታቸው የወጣላቸውን 9 ፈቃደኞች ሰብስበው አንድ ጊዜ ሽንኩርት፣ አንድ ጊዜ ንጹሕ ሩቲን፣ አንድ ጊዜ ንጹሕ ኩዌርሰቲን ሰጧቸው። ከዚያም ሆዳቸው ላይ በተገጠመው ከረጢት ተመልሶ የወጣውን መዝነው ቀሪውን «ገብቷል» ብለው አሰሉ። ከሽንኩርቱ 52 በመቶ፣ ከኩዌርሰቲኑ 24 በመቶ፣ ከሩቲኑ 17 በመቶ ብቻ ነበር የገባው። ልብ ይበሉ፤ የሦስቱም መሠረት ያው ኩዌርሰቲን ነው። የሚለያዩት በላያቸው ላይ በተንጠለጠለው ስኳር ነው። የሽንኩርቱ በግሉኮስ ስለተሸከመ በቀጭኑ አንጀት ያልፋል። ሩቲን ግን የተሸከመው ሌላ ዓይነት ጥንድ ስኳር ስለሆነ እስከ ትልቁ አንጀት ወርዶ እዚያ ያሉ ባክቴሪያዎች እስኪቆርጡለት መጠበቅ አለበት። የገባውንም ቢሆን ጉበት ወዲያው ይቀበለውና መልኩን ለውጦ ለሽንት ያዘጋጀዋል። ኩዌርሰቲን በዚያ ላይ ውሃ ውስጥ እምብዛም አይሟሟም። ጋሼ በፈላ ውሃ በጥብጠው ሲጠጡት ከብርጭቆው ሥር የሚቀረው ዝቃጭ ውስጥ ስንቱ አብሮ እንደተደፋ ማን ያውቃል?

ሁሉም መሻገር አለበት ማለቴ አይደለም። ስኳር ሰባሪ ኢንዛይሞችን መግታት እዚያው አንጀት ውስጥ የሚያልቅ ሥራ ነው፤ ደም ውስጥ መግባት አያሻውም። ስለዚህ ሽፈራው ከምግብ ጋር ሲበላ፣ ኮንሶዎች እንደሚበሉት፣ የሚሠራው ሥራ ሊኖር ይችላል። በባዶ ሆድ በብርጭቆ የተጠጣ ሻይ ግን የሚሠራበት ምግብ እንኳን ከፊቱ የለም።

አባቶቻችን ይህን የመሻገር ነገር በራሳቸው መንገድ ያውቁት ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም። መድኃኒት አዋቂ ዘንድ የሄደ ሰው «ቅጠሉን ቀጥቅጠህ ጠጣው» ብቻ ተብሎ አይመለስም። «በማር ለውሰህ»፣ «በቅቤ አድርገህ»፣ «በአረቄ ዘፍዝፈህ» ይባላል። አረቄ ውሃ የማያወጣውን ያወጣል፤ ቅቤም ሌላውን ይሸከማል። ለዚህ ሥራ አማርኛችን የራሱ ቃል አለው፤ ቅመማ። ዛሬ በላቦራቶሪ ፍላቮኖይዶችን ለማሻሻል የሚደረገው ሩጫ ሁሉ በአንድ ቃል ቅመማ ነው። ለስኳር ሕመምተኛ ማርና አረቄ ባይሆኑለትም ሐሳቡ ያው ነው።

ቅመማው እንዴት እንደሚካሄድ በአጭሩ ላሳይዎ። አንደኛው መንገድ ማድቀቅ ነው። ቡና በፍሬው ውሃ ውስጥ ቢጥሉት ቀለም አይሰጥም፤ ሲወቀጥ ነው ጀበናው የሚጠቁረው። ፍላቮኖይዱንም በዓይን ቀርቶ በተራ ማይክሮስኮፕ እስከማይታይ ድረስ ያደቁትና ውሃ የሚነካው ገላው እንዲበዛ ያደርጋሉ። ሁለተኛው ቀለበት ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ከስታርች የሚሠራ ሳይክሎዴክስትሪን የሚባል ነገር አለ፤ ቅርጹ ልክ እንደ ጀበና ማቶት ነው። ውጪው ውሃ ይወዳል፣ ውስጡ ውሃ ይሸሻል፤ ፍላቮኖይዱ ውስጡ ተቀምጦ ከውሃው ጋር አብሮ ይጓዛል። ሦስተኛው ስብ ማልበስ ነው። በእንቁላል አስኳልና በአኩሪ አተር ውስጥ ያለ ፎስፎሊፒድ የሚባል ስብ አንድ ጫፉ ከውሃ፣ አንድ ጫፉ ከዘይት ይስማማል፤ የአንጀታችን ግድግዳም የተሠራው ከዚሁ ዘመድ ስለሆነ እንደ ባዕድ አይቆጥረውም። እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመ ጥናት ኩዌርሰቲን እንዲህ ተቀምሞ ለጤነኛ ሰዎች ሲሰጥ በደም ውስጥ የተገኘው መጠን ካልተቀመመው እስከ 20 እጥፍ ደርሷል።

20 እጥፍ ሲባል ሰምተው ደስ እንዳልዎት ይገባኛል። እኔ ግን የመድኃኒት ሻጭ ነኝና ሁለት ነገር ያሳስበኛል። በመጀመሪያ ደም ውስጥ ገባ ማለት ስኳር አወረደ ማለት አይደለም፤ ያ ለብቻው በሰው ላይ መታየት ያለበት ነገር ነው። ሁለተኛም ሻይ ሆኖ ጉዳት የሌለው ነገር 20 እጥፍ ሲገባ ያው ሻይ አይሆንም። መድኃኒት ሆኗል፤ መድኃኒት ደግሞ ልክ አለው፣ ጉዳት አለው፣ ከሌላ መድኃኒት ጋር መጣላትም አለው።

የቅመማን ጉልበት በአንድ ታሪክ ላሳይዎ፤ እዚህ የግመል ወተት አገር ላለን ሰዎች ደግሞ ታሪኩ የተለየ ጣዕም አለው። እ.ኤ.አ. በ1835 አውሮፓ ውስጥ ከአፕል ዛፍ ሥር ቅርፊት ፍሎሪዚን የሚባል መራራ ነገር ወጣ፤ እርሱም ከፍላቮኖይድ ቤተሰብ ነው። ቅርፊቱ ስለሚመር «እንደ ኩዊኒን ወባን ያድን ይሆናል» ብለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1886 ጀርመናዊው ሐኪም ፎን ሜሪንግ ሌላ ነገር አየ፤ ፍሎሪዚን የወሰደ ፍጡር ስኳሩን በሽንቱ ያወጣል። ዛሬ እንደምናውቀው ኩላሊት ስኳርን ወደ ደም የሚመልስበትን በር ይዘጋል። እንግዲህ የስኳር መድኃኒት ተገኘ ማለት ነዋ! ግን በአፍ ሲዋጥ አይሠራም። አንጀታችን ላይ ያለ አንድ ኢንዛይም ስኳሩን ቆርጦ ይጥለውና ጉልበቱን ይገድለዋል። ያ ኢንዛይም ማን መሰለዎት? ወተት የምንፈጭበት ላክቴዝ ነው። በሙሉ ስሙ ላክቴዝ ፍሎሪዚን ሃይድሮሌዝ ይባላል። የቦረና ልጅ ቁርሱን የግመል ወተት ጠጥቶ ሆዱ የማይጮኸው በዚህ ኢንዛይም ነው፤ የአፕሉን ሥር መድኃኒት የሚያበላሸውም እርሱ ነው።

ቀማሚዎቹ ምን አደረጉ? ስኳሩ ከውህዱ ጋር የተያያዘበትን ቋጠሮ ለወጡት። በኦክስጅን ይያያዝ የነበረውን በካርቦን አያያዙት፤ ኢንዛይሙ መጣ፣ መቁረጥ አቃተው። ከዚያ ዘር የተወለዱት ዳፓግሊፍሎዚን እ.ኤ.አ. በ2012 አውሮፓ ውስጥ፣ ካናግሊፍሎዚን በ2013 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀዱ። ከቅርፊቱ እስከ ኪኒኑ 177 ዓመት። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ሐኪሞች ለስኳር፣ ለልብና ለኩላሊት ሕመምተኛ ያዟቸዋል፤ የየራሳቸው ጉዳትም ስላላቸው ያለ ሐኪም አይወሰዱም።

ጋሼ የተዉት ኪኒን ራሱ፣ ሜትፎርሚን፣ ዘሩ ከቅጠል ነው። አውሮፓ ውስጥ ጋሌጋ የሚባል አበባማ ተክል አለ፤ ውስጡ ያለው ጋሌጂን ስኳር ያወርዳል፣ ግን መርዛማ ነው። የእርሱ ዘመድ የሆነው ሜትፎርሚን እ.ኤ.አ. በ1922 በላቦራቶሪ ተሠራ፤ ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ስተርን በ1957 ለሕመምተኛ መስጠቱን አስታወቀ። ይህን ለጋሼ ስነግራቸው ሳቁ። «ታዲያ ከቅጠል ወደ ቅጠል ነው የሄድኩት በለኛ!» አሉ። አዎ ጋሼ፤ ልዩነቱ አንደኛው ተመዝኗል፣ ሌላው ገና አልተመዘነም። የሜትፎርሚኑ ኪኒን ዛሬም ነገም 500 ሚሊግራም ነው። የጋዜጣው ዱቄት ግን በየትኛው ወቅት እንደተለቀመ፣ በፀሐይ ይሁን በጥላ እንደደረቀ፣ ስንት ወር መጋዘን እንደተቀመጠ አይናገርም፤ አንድ ማንኪያው ውስጥ ያለው ሩቲን ከሌላው ማንኪያ ጋር እኩል መሆኑንም ማንም አላየለትም።

ያልተመዘነ ነገር ሌላም መዘዝ አለው። እ.ኤ.አ. በ2008 ሲንጋፖር ውስጥ ስኳር የሌለባቸው 150 ሰዎች በጥቂት ወራት ውስጥ ስኳራቸው ወርዶ ሆስፒታል ገቡ፤ 4ቱ ሞቱ። የወሰዱት «ለወንድነት ኃይል» ተብሎ በድብቅ የሚሸጥ ነገር ነበር፤ ሲመረመር ውስጡ ግሊቤንክላማይድ ተገኘ። ስለዚህ «ባህላዊ ነው» የተባለ ዱቄት ስኳርን በሦስት ቀን ቁልቁል ቢያወርድልዎ አይደሰቱ፤ ይጠርጥሩ። ቅጠል እንደዚያ አይፈጥንም። እንደዚያ የሚፈጥነው ኪኒን ነው፤ ምናልባትም ዱቄቱ ውስጥ ተፈጭቶ ገብቷል።

ደግሞ ቢጫ ሁሉ ፍላቮኖይድ አይደለም። እዚህ ቦረና አገር ሀርጌሳ የምንለው ሬት ሲቆረጥ የሚያንጠባጥበውን ቢጫ መራራ ፈሳሽ ለስኳር የሚጠጡ አሉ። እርሱ ዋና ሥራው ሆድ ማስቀመጥ ነው። በሞያሌ ሙቀት ስኳሩ ከፍ ብሎ ሽንት የሚያመላልሰው ሰው በዚያ ላይ ተቅማጥ ሲጨምርበት ውሃው አልቆ ይወድቃል።

ውድ አንባቢ፣ እንግዲህ ጥያቄዬን ላቅርብ። በሰው ላይ የተደረጉት የሽፈራው ጥናቶች ጥቂትና ትናንሽ ናቸው፤ ጥንቸልና አይጥ መንገድ ይመራሉ እንጂ የእርስዎ ደም አይደሉም። ስለዚህ የሚወዱትን ቅጠል አይጣሉ፤ ኪኒንዎንም በራስዎ ፈቃድ አያቋርጡ። ሽፈራውን እንደ ጎመን አድርገው ከምግብ ጋር ይብሉት፤ ለሐኪምዎ ግን ይንገሩት። በተለይ ዳኦኒል ወይም ኢንሱሊን የሚወስዱ ከሆነ አይደብቁ፤ ሁለት ስኳር አውራጅ ሲደራረብ፣ ያውም በጾም ወራት፣ ላብ አጥምቆ፣ እጅ አንቀጥቅጦ የሚጥል ነገር ሊመጣ ይችላል። እንዲህ ሲሆን ስኳር ያለው ነገር ወዲያው ይቅመሱ።

ሲለኩ በአንድ ማሽን፣ በአንድ ሰዓት፣ ባዶ ሆድ ከሆነ ሁልጊዜ ባዶ ሆድ ይለኩ። ከቁጥሩ ጎን መለኪያውን ያጽፉ፤ ሚሊግራም ወይስ ሚሊሞል? አንድ ቁጥር ብቻውን ወሬ ነው። የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየውን የኤ ዋን ሲ ምርመራ ማግኘት ከቻሉ ደግሞ እርሱ በመቶኛ ስለሚነገር ብዙ ቦታ ያው አንድ ቋንቋ ነው።

ዱቄት፣ እንክብል ወይም ሻይ ይዞ ለሚመጣ ሻጭ ደግሞ አራት ጥያቄ ይጠይቁልኝ። ውስጡ የሚሠራው ምንድን ነው? በአንድ ማንኪያ ስንት ሚሊግራም አለው? አንጀትን አልፎ መሄዱ በሰው ላይ ታይቷል? የአገሩ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መዝግቦታል? አራቱን ከመለሰልዎ እኔም ባንኮኒዬ ላይ አስቀምጠዋለሁ።

ተመራማሪም ከሆኑ ለእርስዎም አንድ ቃል አለኝ። የጥንቸሉ ጥናት ከታተመ ሩብ ምዕተ ዓመት አልፎታል። ቅጠሉ ስኳር ያወርድ እንደሆነ በሌላ አይጥ ደግሞ ከማሳየት ይልቅ ልኩ የታወቀ፣ የተቀመመ፣ ወጥ የሆነ ዝግጅት ሠርተው በሰው ላይ በጥንቃቄ ይሞክሩልን። ሽፈራው የሁለት አገር ዛፍ ነውና አዲስ አበባና ናይሮቢ ቢተባበሩበት ያምርበታል። ፍሬ ሲያፈራም ዛፉን በእርከን ላይ ጠብቆ ያቆየው የኮንሶ ገበሬ ድርሻ አይረሳ።

ጋሼ ኪኒናቸውን ጀምረዋል። ከወር በኋላ አንድ የተማሪ ደብተር ይዘው መጡ፤ ገጹን በእስክሪብቶ አስምረው ለሁለት ከፍለውታል። በግራ «ወዲህ»፣ በቀኝ «ወዲያ» ይላል። የኬንያውን ይጽፉና ራሳቸው በ18 አባዝተው የኢትዮጵያውን ከጎኑ ያሰፍራሉ። የዚያን ቀን በግራ 8.2፣ በቀኝ 148 ነበር። ከግርጌው በትንንሽ ፊደል «ሽፈራው ከኩርኩፋ ጋር፣ ማታ» ብለው ጽፈዋል።

«ታዲያ 148ቱ የኪኒኑ ነው የቅጠሉ?» አሉኝ።

ከደብተሩ አንድ መስመር አይቶ ይህን መመለስ አይቻልም፤ እንደዚያው ነገርኳቸው። «እሺ፣ መጻፌን እቀጥላለሁ» አሉና እስክሪብቶውን ኪሳቸው ሰክተው ወጡ።

እርስዎም ደብተር ይግዙ።

አክባሪዎ፣
ከሞያሌ፣ ከባንኮኒው ጀርባ